ቺፕ ለመሥራት ክሊን ሩም እስኪገነባ አንጠብቅ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ላቦራቶሪ ዕቃና ሪኤጀንት (ለምርመራ የሚውል ኬሚካል) እጥረት ጋዜጣችሁ ላይ በተደጋጋሚ አንብቤያለሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ የማግዝ ባለሙያ ነኝ። የማነሳውም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው፤ የላቦራቶሪን ሥራ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ስለመጨረስ።

እዚህ ቺፕ ውስጥ የሚሄደው እንደ ኮምፒውተሩ ቺፕ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ፈሳሽ ነው። ፀጉር በሚያክል ቦይ ጠብታ ደም ወይም ሽንት ገብቶ ከኬሚካሉ ጋር ይገናኛል፣ ውጤቱም እዚያው ይነበባል።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ይህን ርዕስ የሚመርጡ ተማሪዎች አይጠፉም። ኮምፒውተር ላይ ያማረ ንድፍ ያወጣሉ፣ ፍሰቱን በሶፍትዌር ያሳያሉ፣ ከዚያ ነገሩ ይቆማል። ለምን አልሠራችሁትም ስንላቸው «ክሊን ሩም የለንም» ይላሉ፤ አየሩ ከአቧራ የጸዳ ልዩ ክፍል ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው። ቺፑ የተለመደው ጎማ መሰል ሲሊኮን ሲሆን፣ የሚቀረጽበት ሻጋታ በብርሃን ሲሠራ አቧራ ጠላቱ ነው። ሲሊኮኑን ከመስታወት ጋር የሚያጣብቀው የፕላዝማ ማሽንም (የደም ፕላዝማ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የነቃ ጋዝ ማለት ነው) ውድ ነው።

ግን በ2007 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ጆርጅ ዋይትሳይድስና ባልደረቦቹ ቺፕ ከወረቀት ሠርተው በሽንት ውስጥ ያለን ግሉኮስና ፕሮቲን ለይተው አሳይተዋል። ወረቀት ፈሳሹን ራሱ ስለሚስብ ፓምፕ አያስፈልገውም። የቦዩን ግድግዳ ደግሞ በሰም መሥራት ይቻላል። ሰም ደግሞ አገራችን ሞልቷል!

ከተማሪዎች ጋር ሞክረነዋል። ብረት ሠሪ ጋ ሄደን ማኅተም የሚመስል ነገር አሠራን። ብረቱን አግለን፣ የቀለጠ ሰም ነክረን፣ ፊልተር ወረቀት ላይ እናትማለን። ዋናው ፈተና ሙቀቱ ነው። ብረቱ ከቀዘቀዘ ሰሙ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ፈሳሹም ከሥር ሾልኮ ይወጣል። በጣም ከጋለ ሰሙ ተንሰራፍቶ ቦዩን ይደፍነዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጠን ጀርባውን እናያለን፤ መስመሩ እዚያም ጥርት ብሎ ከታየ ግድግዳው ይዟል። ጫፉ ላይ ሲትሬት በፈር (አሲድነቱን ባለበት የሚያቆይ ፈሳሽ) እና ቴትራብሮሞፊኖል ብሉ (ፕሮቲን ሲያገኝ መልኩን የሚቀይር ቀለም) ጠብ አድርገን እናደርቃለን። ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ፕሮቲን ያለበትን በውሃ የቀጠነ የእንቁላል ነጭ ስናስገባ ቢጫው ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይዞራል። ተማሪዎቹ ያኔ ነው ጥያቄ የሚያዥጎደጉዱት፤ ስንት ጠብታ ይበቃል? ወረቀቱ እርጥበት ሲያገኝስ? ቀለሙን በስልክ ካሜራ ብናነበው? ሶፍትዌሩ ፊት ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ወረቀት ነገ ታካሚ ላይ ይዋል እያልኩ አይደለም። ለዚያ ጥብቅ ፍተሻና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግን ደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መታየቱ የአደጋ ምልክት ነው። ይህን በገጠር ጤና ኬላ የሚያሳይ ነገር መንደፍ የሚችል መሐንዲስ ያስፈልገናል። እሱ ደግሞ በእጁ ሠርቶ ካላበላሸና ካላስተካከለ አይገኝም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ንድፍ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ በወረቀትም ቢሆን አንድ የሚነካ ነገር ሠርቶ ያሳይ። ሁለተኛ፣ ርዕስ ሲመረጥ የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ አብሮ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ፣ ማይክሮስኮፕ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው እሱ ነው። ቺፑ የእጅ መዳፍ አክሎ ፓምፑና ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ የሚሞላ ከሆነ ለማን እንደተሠራ ገና በንድፉ ጊዜ ይጠይቃቸው።

አክባሪያችሁ፣
የቤተ ሙከራ ባለሙያ