«ፍለድ» የልጆች ጨዋታ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በሙዚቃ አምዳችሁ ስለ ዴይ ማይት ቢ ጃየንትስ ባንድና «ፍለድ» ስለተባለው አልበማቸው ያሰባሰባችሁትን የአድማጮች አስተያየት አነበብኩት። በአማርኛ ስለነሱ ሲጻፍ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የምወደው አልበም ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። አብዛኞቹ አስተያየት ሰጪዎች «ቀልድ ነው»፣ «የካርቱን ዘፈን ነው»፣ «ልጆች ይሳቁበት» ብለው አልፈውታል። እናንተም በዚያው ዘጋችሁት።

ላልሰማው አንባቢ ትንሽ ልበል። ባንዱ ማለት ሁለት ጆኖች ናቸው። ጆን ፍላንስበርግ ጊታር ይጫወታል፤ ጆን ሊኔል አኮርዲዮንና ኪቦርድ። ያደጉት ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊንከን በምትባል ከተማ ነው። ባንዱን እ.ኤ.አ. በ1982 መሥርተው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ላይ አደላደሉት። ለዓመታት ከበሮ መቺ እንኳን አልነበራቸውም፤ የተቀዳ ሪትም ከፍተው ነበር መድረክ የሚወጡት። ዘፈን ለሕዝብ የሚያደርሱበት መንገድም የራሳቸው ነበር። የስልክ መልእክት መቀበያ ማሽን ላይ አንድ ዘፈን ይቀዱና ቁጥሩን ጋዜጣ ላይ ያስነግሩ ነበር። የደወለ ሁሉ ዘፈን ይሰማል። መስመሩ አንድ ስለሆነ አንዱ እየሰማ ሌላው ከደወለ ተይዟል።

«ፍለድ» የወጣው በጥር 1990 ነው። ከትልቅ ኩባንያ፣ ከኤሌክትራ ጋር ሆነው ያወጡት የመጀመሪያው አልበም። ውስጡ 19 ዘፈን አለ። ከጊዜ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ፕላቲነም ገብቷል፤ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው።

«የካርቱን ዘፈን» ያለው አድማጭ ዝም ብሎ አልተናገረም፤ ምክንያቱ ይገባኛል። በ1991 ታይኒ ቱን አድቬንቸርስ የሚባለው የልጆች ፕሮግራም ከአልበሙ ሁለት ዘፈን ወስዶ ካርቱን ሠርቶባቸዋል፤ «ኢስታንቡል» እና «ፓርቲክል ማን»። ብዙ የአሜሪካ ልጆች ባንዱን ያወቁት በዚያ ነው። ግን «ኢስታንቡል» የነሱ ድርሰት አይደለም። ፎር ላድስ የተባሉ ድምፃውያን በ1953 የተጫወቱት የቆየ ዘፈን ነው። ታዲያ ሰውን በተውሶ ልብሱ ለክታችሁ ቁመቱ ይሄ ነው ትላላችሁ?

እኔ እንዴት እንደሰማሁት ልንገራችሁ። 1993 ነው። ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ ቡዟ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ መስኮቱ ላይ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ቴፕ። ቀን ቀን የሚሠራው ልጅ ተማሪ ነበር። አንድ ማታ ካሴቱን ከቴፑ ሳያወጣ ሄደ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መኪና አይመጣም። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የያዘኝ አኮርዲዮኑ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ ያወጣውን ካሴት አስታውሱ። የቀዳውም እዚያው ዋሽንግተን ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ከተማ ስንት ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ሪትም ማሽን። ሁለቱ ጆኖች ብሩክሊን ውስጥ የያዙት መሣሪያም ያው ነበር። አንዱ ትዝታ ሠራበት፣ ሌሎቹ ሌላ ነገር። ለእኔ ግን በዚያች ጠባብ ቡዝ ውስጥ ሁለቱ ድምፆች የተጎራበቱ መሰለኝ። እስከዛሬ ይመስሉኛል።

ቀጥሎ «ሚኒመም ዌጅ» መጣ። አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ግጥሙ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ። ሰውየው ቃሉን እንደ ከብት ነጂ ይጮኸዋል፣ ጅራፍ ይጮሃል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይንጎማለላል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ያኔ በሰዓት 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። እኔ ያንን ጅራፍ ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ቆመ። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል። ግጥም ትቀበላለህ፣ ትስቃለህ፣ ብር ትለጥፋለህ። ቤትህ ስትገባ ነው የነገሩ ክብደት የሚመጣብህ። እዚህም እንዲያው ነው። ይሄ ቀልድ ከሆነ አዝማሪም ቀልደኛ ነው ማለት ነው።

ግን ሁሉንም ትቼ ስለ አንድ ዘፈን ብቻ ተናገር ብትሉኝ «ዴድ»ን እመርጣለሁ። ፒያኖና የሁለቱ ድምፅ፣ ሌላ ምንም የለም። ታሪኩ ሲወራ ያስቃል፤ ሰውየው ሞቶ በአስቤዛ ከረጢትነት ተመልሶ ይመጣል። አዝማቹ ላይ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሞቼ የተመኘሁትን ሳላደርግ ቀረሁ? ወይስ በሕይወት አለሁና የምመኘው ነገር ጠፋኝ? ይሄን በዝግታ፣ እየተቀባበሉ ይሉታል። እኔ እንጉርጉሮ ነው የምለው። በ1996 አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። ጓደኞቼ ቤቴ መጥተው አስተዛዘኑኝ። ሲሄዱ መብራት አጥፍቼ ይሄን ዘፈን ደጋግሜ ሰማሁት። በዚያ ሌሊት ማንም ቀልድ ነው ሊለኝ አይችልም ነበር።

«ዮር ሬሲስት ፍሬንድ» የሚለውስ? ድግስ ላይ ነን። የደጋሹ ወዳጅ በዘር ሰው እየሰደበ ያወራል። ዘፋኙ ለደጋሹ፣ የሱ ወዳጅ ስለሆነ ብቻ እኔ ችዬው አልሰማም፣ ድግሱም እዚህ ላይ ያበቃል ይለዋል። ይሄን ያህል ነው ታሪኩ። እኛስ? ስንት ሠርግና ክርስትና ላይ፣ ስንት ቡና ላይ፣ ስለሌላው ብሔር ሲወራ አቀርቅረን እንጀራችንን ጎርሰናል? እኔ ጎርሻለሁ። «ጨዋታ እንዳይበላሽ» ብዬ። ይሄን ዘፈን የልጆች ጨዋታ ያለ ሰው ግጥሙን አልሰማም፤ ይሄን በልበ ሙሉነት ነው የምናገረው።

አስተያየት ሰጪዎቹ የተናገሩት ሁሉ ስህተት ነው አላልኩም። 19 ዘፈን ይበዛል ያለው ሰው እውነቱን ነው። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ የሚንጠባጠቡ አሉ፤ «ሂሪንግ ኤይድ»ን እኔም አሳልፈዋለሁ። ሊኔል በአፍንጫው ይዘፍናል ያለችው እህትም ልክ ናት። እኔ እወደዋለሁ፣ እሷ አትወደውም፤ ይሄ የጣዕም ጉዳይ ነው። ከጣዕም ጋር ጠብ የለኝም። ሳይሰሙ መፍረድ ነው ያናደደኝ።

ስለ «በርድሀውስ ኢን ዮር ሶል» አንድ ነገር ብቻ። እንግሊዝ ሀገር 6ኛ ደረጃ የደረሰው ዘፈናቸው ነው። የሚዘፍነው ሰው አይደለም፤ ልጆች ክፍል ውስጥ ማታ የሚበራ፣ የሰማያዊ ካናሪ ወፍ ቅርጽ ያለው ትንሽ መብራት ነው። መብራቱ ለተኛው ሰው እየዘፈነለት ነው። ልጄ አራት ዓመቷ እያለ ጨለማ ትፈራ ነበር። ዘፈኑን ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እኔ ስተኛ እሱ አይተኛም?» አለችኝ። አይተኛም አልኳት። ከዚያ ማታ ጀምሮ በሩን ዝጉልኝ ማለት ጀመረች። አሁን የራሷ ቤት አላት። ባለፈው ዓመት ለሴት ልጇ መብራት ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። ሰማያዊ ካላገኘሁ ብላ ሦስት ሱቅ አዞረችኝ። እሺ፣ ይሄኛው ለልጆች ነው እንበል። ለልጅ የተዘፈነ ነገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተናቀው?

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሌላ ጊዜ የአድማጭ አስተያየት ስትሰበስቡ «አልበሙ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትተዉት። የትኛውን ዘፈን ነው የምትለው፣ ስንቴ ሰማኸው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ከአስተያየቱ ጋር አትሙት። አንዴ መኪና ውስጥ የሰማና ዓመት አብሮት የከረመ ሰው እኩል አይመዘኑም። ሁለቱም ይጻፉ፣ ግን ማን ማን እንደሆነ እናንብብ።

ቦታ ካላችሁ ደግሞ ስለ «ዴድ» ብቻ አንባቢዎችን ጠይቁልኝ። ሰዉ ምን እንደሚል ማንበብ እፈልጋለሁ። በተለይ እንደ እኔ ለቅሶ ሳይደርሱ የቀሩ ሰዎች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ