ስለ ሊ ቫሊ የውሃ ጉዞ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የአማርኛ ክፍል አይኖርም። ዋልተም ክሮስ ወዳለው የሊ ቫሊ የውሃ ስፖርት ማዕከል በባቡር እንወስዳቸዋለን፤ እዚያ በኃይል በሚወርድ ውሃ ላይ የጎማ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ የተሠራ ቦታ ነው። ብሪታኒያውያኑ ቲም ቤይሊና ኢቲየን ስቶት በታንኳ ወርቅ ያጠለቁት እዚያ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ልጄን ውሃ ቢወስድብኝስ?» ብላችሁኛል። ይገባኛል። ብዙዎቻችን በክረምት ወንዝ እንዳንሻገር እየተባልን ነው ያደግነው። ይሄኛው ግን ዝናብ የሚሞላው ወንዝ አይደለም። ውሃው ከታች ካለው ሐይቅ በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፣ በኮንክሪት ቦይ ይወርዳል፣ ተመልሶ እዚያው ሐይቅ ይገባል። ያ ሁሉ አረፋና ማዕበል የሚነሳው ቦዩ ወለል ላይ የታሰሩት የፕላስቲክ ብሎኮች ውሃውን ስለሚገቱት ነው። ፓምፑ ከጠፋ ፍሰቱ ይቆማል።

ቦዮቹ ሁለት ናቸው። የኦሎምፒኩ ቦይ 300 ሜትር ይረዝማል፤ 5.5 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ በሰከንድ 13 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈስበታል። ልጆቻችሁን እዚያ አናስገባም። የሚገቡት 160 ሜትር በሆነው በትንሹ ነው፤ የእሱ ቁልቁለት 1.6 ሜትር ብቻ ነው።

ሄልሜት፣ ላይፍ ጃኬትና ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ብርድ የሚከላከል ጥብቅ ልብስ) እዚያው ይሰጣቸዋል። በየጎማ ጀልባው አንድ አሠልጣኝ አብሯቸው ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አለማምዱልኝ። ከጀልባ የወደቀ ልጅ ለመቆም መታገል የለበትም፤ እግሩ ወለሉ ላይ ሊያዝ ይችላል። በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ፊት አንስቶ ይንሳፈፍ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደጋግመው ይሞክሩት።

ፎርሙ ላይ ልጁ መዋኘት ይችል እንደሆነ የተጠየቀውን በእውነት ሙሉልኝ። ልጄ ያፍራል ብላችሁ «ይችላል» እንዳትሉ፣ አደራ። መዋኘት የማይችል ልጅ አብሮን ይመጣል፣ ግን ዳር ሆኖ ያያል።

ሴቶቹንም እንዳታስቀሩብኝ። ጀልባው የሚሄደው ሁሉም እኩል ሲቀዝፍ ነው፤ እነሱ ደግሞ ጎበዞች ናቸው። ሹሩባው ቀጠን ብሎ ወደ ኋላ ይሠራ፤ አናት ላይ የተከመረ ጸጉር ሄልሜት አያስገባም። ረጅም ሐብልና የጆሮ ጌጥ ቤት ይቅር። ማተብ አጠር ብሎ ከታሰረ ዌትሱት ውስጥ ይገባል።

የዋና ልብስ፣ ፎጣና ማሰሪያ ያለው አሮጌ ጫማ ያዙላቸው። ሰንደል አይሆንም። መነጽር የሚያደርጉ ማሰሪያ ያስፈልጋቸዋል። ዳር ሆናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኑ፤ ደስ ይለናል። ፎርሙን እስከ ፊታችን ቅዳሜ ለክፍል አስተማሪያቸው ስጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር