አባባ ሐኪም ጋ ሲገቡ አንቺ ውጪ ቆዪ

ሰላም ጽጌዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የለንደን ብርድና የሌሊት ተራ ነው እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ የለም።

የአባባ ደም ግፊት በመድኃኒትም አልወርድ አለ ካልሽኝ ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ነው። በጣም የከነከነኝ ሐኪሙ «ይጠጣሉ?» ሲላቸው «ኧረ አልጠጣም» ማለታቸው፣ እሱም እሺ ብሎ ማለፉ ነው። አባባ እኮ አልዋሹም። የጠዋቷ አረቄ ለሆድ ናት፣ የማታዋ ለእንቅልፍ። ለእሳቸው ጠጪ ማለት መንገድ ላይ የሚወድቅ ሰው ነው። ግፊት ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ አልኮል ነው።

እዚህ ማንም ታካሚ ይምጣ፣ እንጠይቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው 10 ጥያቄዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 እንጀምራለን፦ በየስንት ጊዜው ይጠጣሉ፣ በጠጡበት ቀን ስንት፣ አብዝተው የሚጠጡበትስ ጊዜ አለ ወይ። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ነርስ አንድ ሽማግሌ ጋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ስለ መጠጥ ትንሽ ብናወራ ቅር ይልዎታል?» አለቻቸው። ቁጣ የለ፣ ስብከት የለ። ለመቀነስ ያለዎት ፍላጎት ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል ስትላቸው «3» አሉ። «ለምን 0 አላሉም?» ብላ መለሰችላቸው። ቆየት ብለው «የልጅ ልጄ አፌ ስለሚሸታት አትስመኝም» አሉ። ከዚያ በኋላ ያወሩት እሳቸው ናቸው፣ እሷ ታዳምጣለች።

የአባባን መለኪያ ውሃ ሞልተሽ በሲሪንጅ ለኪያት። 50 ሚሊ ከያዘች፣ አረቄውም 40 በመቶ ቢሆን፣ አንዷ እዚህ አገር አቆጣጠር 2 ዩኒት ናት (አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ንጹሕ አልኮል ማለት ነው)። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ካሉ በሳምንት 56 ይመጣል። እዚህ ከ14 አትለፉ ነው የሚባለው።

አደራ የምልሽ ግን ጠርሙሱን እንዳትደብቂባቸው። ጠዋት እስኪቀምሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስኒውም ይፈስባቸዋል ብለሽኛል። በየቀኑ የለመደ ሰውነት በአንዴ ሲከለከል ላብ፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ማቆም ካለባቸው በሐኪም ክትትል ይሁን። እማማ ጠበል ልውሰዳቸው ካለች ደስ ይለኛል፣ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ።

በቀጠሮው ቀን ቀደም ብለሽ ሐኪሙን ለብቻው አነጋግሪው። «ይጠጣሉ?» ሳይሆን «ጠዋት ስንት መለኪያ ይቀምሳሉ?» ብሎ ይጠይቃቸው፣ የእጃቸውንም ነገር ንገሪው። አባባ ሲገቡ ደግሞ አንቺ ውጪ ቆዪ፤ ልጃቸው ፊት አፍ አውጥተው አይናገሩም።

የግፊት መድኃኒቶቹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስማቸው እንዲነበብ አድርገሽ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ