ምስጋና፦ ሰባት ሳምንት ለተሸከማችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ላደረሰኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ባለፈው ሐሙስ እዚህ ፈረንሳይ፣ ፑዋቲዬ ዩኒቨርሲቲ፣ የማስተርስ ጽሑፌን ዲፌንስ አድርጌ ጨርሻለሁ። በአንድ እጄ ክራንች፣ በሌላው ወረቀቴን ይዤ ነበር የገባሁት።

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ከቅድስት ራደጎንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚያወጣውን ዳገት በዝናብ ስወጣ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከተማው ወንዙ ከታች፣ ሰፈሩ ከላይ፣ መሃሉ ደረጃ ነው። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ልጄ አራት ዓመቷ፣ ጽሑፉም ገና ግማሽ።

የወደቅኩት ጽሑፌን የጻፍኩባትን የቅድስት ራደጎንድን መቃብር ተሳልሜ ስመለስ መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል። ስለ እሷ ጥቂት ካላልኩ ደግሞ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል።

ራደጎንድ ዛሬ ጀርመን በምንለው አገር የቱሪንጊያ ንጉሥ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ ፍራንኮች አገሯን ሲያጠፉ በልጅነቷ ተማረከች። የፍራንኮች ንጉሥ ክሎታር ወስዶ አሳደጋት፤ ስታድግ አገባት፤ ኋላም ወንድሟን አስገደለባት። ያን ጊዜ ጥላው ወጣች። ጳጳሱ ሜዳር፣ መኳንንቱ «የንጉሥ ሚስት እንዳታመነኩስ» ብለው ስላስፈራሩት ቢያመነታ፣ የምንኩስናውን ልብስ ራሷ ለብሳ መሠዊያው ፊት ቆመችበት። ቀጥላ ፑዋቲዬ ላይ የሴቶች ገዳም መሠረተች። የሚገርመው ገዳሙን ያሠራላት ያው ክሎታር ነው። እመምኔት ግን አልሆነችም፤ በልጅነቷ ያሳደገቻትን አግነስን ሾማ እሷ ከሥሯ ታዘዘች። በተራዋ ወጥ ትሠራ፣ እንጨትና ውኃ ትሸከም፣ እህቶቿ ሲተኙ ጫማቸውን ጠርጋ ትቀባ ነበር። ምግቧ ምስርና ጎመን። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ እናንተ ያመጣችሁትን ምስር ወጥ እየበላሁ ነው።

የገዳሟ ሥርዓት አንዴ የገባች እስክትሞት ከግቢ እንዳትወጣ ያዝዛል። ራደጎንድ ግን ነገሥታት በተጣሉ ቁጥር ለዚህም ለዚያም ደብዳቤ እየላከች ታስታርቅ ነበር። በ569 ከንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ ሁለተኛና ከንግሥት ሶፍያ የጌታን መስቀል ቁራጭ ከቁስጥንጥንያ ያስመጣችውም በመልእክተኛ ነው። የከተማው ጳጳስ ማሮቬ «ግባና አሳርፍልን» ቢባል ፈረሱን ጭኖ ወደ ርስቱ ሄደ። መስቀሉ በዝማሬ የገባው የቱር ከተማ ጳጳስ መጥቶ ነው። ገዳሙም ከዚያ ወዲህ ቅዱስ መስቀል ተባለ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ግማደ መስቀሉማ ግሸን ነው ያለው፤ ምን አስተምረው ነው የሚመርቁሽ?» ብላ አኮረፈችኝ። የደሴ ሰው በዚህ አይደራደርም። እማዬ፣ አኩርፈሽም በየማታው ስምንት ሰዓት ድረስ ስልኩን ከፍተሽ አብረሽኝ አምሽተሻል። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከፓሪስ በየቅዳሜው በባቡር እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ይዛችሁ ለመጣችሁ እህቶቼ ምን እላለሁ? ገጣሚው ፎርቱናቱስ የራደጎንድ ወዳጅ ነበር፤ እሷና አግነስ ወተት፣ እንቁላልና ፕለም በላኩለት ቁጥር የምስጋና ግጥም ይጽፍላቸዋል። አንዱ ላይ፣ አግነስ ከላከችው ወተት ቅባት ላይ ጣቷ ያረፈበትን ምልክት እንዳየ ይናገራል። መጀመሪያ ሳነበው ሰው እንዴት ስለ ወተት ይገጥማል ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሽሮውን ክዳን ስከፍት ጠርዙ ላይ በርበሬ የነካ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ። ተመልሼ ግጥሙን አነበብኩት።

በወደቅኩ ቀን በጀርባህ አዝለህ ያን ሁሉ ደረጃ ያወረድከኝ ኤርትራዊ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናው። ልጄን ሰባት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት ያደረሷት የአንደኛ ፎቋ ባልቴት አማርኛ አያነቡም፤ ልጄ ታነብላቸዋለች ብዬ እንዳልል እሷም ገና ናት። በቃል እነግራቸዋለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴን ፋይል «አላገኘነውም» ያለኝ ቢሮ በር ላይ ተራ ይዛችሁ የዋላችሁልኝ የማኅበራችን ልጆች፣ ብድራችሁን እከፍል ዘንድ ዕድሜ ይስጠኝ። ቢሮውንስ ይቅር ብያለሁ፤ ማለትም እየሞከርኩ ነው።

አማካሪዬ ቤቴ ድረስ መጥተው ሦስተኛው ምዕራፍ ደካማ መሆኑን በፈገግታ ነገሩኝ። ትክክል ነበሩ። ፎርቱናቱስ የጻፈው የራደጎንድ ገድል ራሷን የምትቀጣ ባሕታዊት ብቻ ያሳያል። የገዳሟ መነኩሲት ባውዶኒቪያ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈችው ግን ደብዳቤ ስትልክ፣ ስታስታርቅ፣ ለገዳሟ ስትሟገት ነው። ምዕራፉን ለባውዶኒቪያ ሰጥቼ እንደገና ጻፍኩት፤ ፈታኞቹም የወደዱት እሱን ነው።

ራደጎንድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 587 ስታርፍ ማሮቬ አሁንም አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው የቱር ጳጳስ ጎርጎርዮስ መጥቶ ቀበራት። ሁለት መቶ ያህል መነኮሳይያት ሥርዓቱ ስለማይፈቅድላቸው አልሸኟትም፤ አስከሬኗ በግንቡ ሥር ሲያልፍ በመስኮትና ከግንቡ ላይ ሆነው አለቀሱ። ጀሶ ውስጥ ሆኜ የፋሲካን ዋዜማ በስልክ ስከታተል የማስበው እነዚያን መስኮቶች ነበር።

ስሙን የዘለልኩት ሰው ካለ እባካችሁ አትቀየሙኝ፤ መድኃኒቱ ራስ ያዞር ነበር። ደግሞ ዕቃዎቻችሁ እኔ ጋ ናቸው፦ አራት የሽሮ ድስት፣ ሁለት ቴርሞስ፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ አንድ ትልቅ ሳህን። ባዶ አልመልስም፤ ቅዳሜ ዳቦ እደፋለሁ። የሰማያዊው ክዳን ባለቤት ግን ማን እንደሆነች እስካሁን ስላላወቅኩ ብትደውልልኝ።