ከልጃችን ጋር ለተጨነቃችሁ ሁሉ

መንዝ ላላችሁ ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን፣ ላከማችሁንም ሁሉ፦

እንኳን ደስ አላችሁ! ያ ሲር ሲር የሚለው የልጃችን ትንፋሽ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጠፍቷል። አሁን የሚሰማው ጩኸቷ ብቻ ነው። እሱም ታች ሰፈር ድረስ ይሰማል፤ ይቅርታ!

ከሁሉ አስቀድሜ የመሐል ሜዳዋን ሲስተር አመሰግናለሁ። ድምፁ የጀመራት ገና በአራስነቷ ነው። ያየ ሁሉ "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጧት" ይለን ነበር። ሲስተር ግን "ምላጭ እንዳይነካት! ደም ይፈሳታል፣ ኢንፌክሽንም ይይዛታል" ብላ ሪፈር ጻፈችልን።

የጣርማ በርን ጉም እየሰነጠቅህ ደብረ ብርሃን ያደረስከን ሾፌር፣ ገቢና አስቀምጠህ ሒሳብ አልቀበልም ያልከው፣ እግዜር ይስጥልን።

አዲስ አበባ ያከሙን ከአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫዋ ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩ። ከድምፅ አውታሮቿ በላይ ያለው የማንቁርቷ ክፍል ልል ነው። አየር ስትስብ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። በጨቅላዎች ላይ ለእንዲህ ዓይነት ድምፅ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው አሉን። ባለቤቴ "ብርድ መቷት ይሆን?" አላቸው። ሳቁ። ብርድም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። መነሻው ገና ያከራክራል። አንዳንዶች የማንቁርቱ ልም አጥንት አለመጠንከር ነው ይላሉ። አንዳንዶች ደግሞ አፈጣጠሩን፣ ትርፍ ሥጋውንና እጥፋቱ አጭር መሆኑን ያነሣሉ። ብዙ ሐኪሞች የሚያዘነብሉት ግን ጡንቻዎቹን የሚያዙት ነርቮች ገና አልበሰሉም ወደሚለው ነው። ከጨጓራ የሚመለስ አሲድም ቦታውን እያሳበጠ ያባብሰዋል። የእኛዋ ጡት ጠብታ ታስመልስ ስለነበር ነገሩ ገባን። ቀና አድርገን ማጥባት፣ ማስገሳት፣ ክብደቷን መከታተል ሆነ ሥራችን። በጀርባዋ ስትተኛ ድምፁ ቢብስም አስተኛኘቷን እንዳንቀይር ነግረውናል።

ወራት እያለፉ ሲብስባት በጣም ፈራሁ። ለካ መጀመሪያ ብሶበት ነው የሚለቀው! አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ትንፋሿ ቆም ካለ፣ ወይም ክብደት ካልጨመረች ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንሮጥ አስጠንቅቀውን ነበር። ዶክተር፣ ስንደውል ስልክ ስላነሡልን እናመሰግናለን።

አማቴ፣ እርስዎን ለመጨረሻ ያቆየሁዎት አውቄ ነው። ሌሊቱን ሁሉ አቅፈዋት ሲቀመጡ እኔ እተኛ ነበር። አሁን በሰፈሩ ሕፃን ሲር ሲር ባለ ቁጥር "እንጥሉን እንዳትነኩ፣ ሐኪም ይየው" እያሉ የሚቆጡት እርስዎ ነዎት። ዕድሜ ይስጥልኝ።