ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ሸራዋ መኪና

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ብርዱ ገብቷል። ማታ ያለ ጋቢ ደጅ መቀመጥ አይቻልም። ቀኑ ግን ብራ ነው፤ አንድም ደመና የለም።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያሉኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ያቺን ሸራ መኪና ሽጪና ላሜራ ጣራ ያላት ግዢ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ተጸጽተሻል አይደል?» አሉ። መስመሩም ይቆራረጥ ነበር፣ እኔም ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የሚሞሉት ብር ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዓይንዎ ሞራ ያስቀመጡት ነው። ስለዚህ አንድም ነገር ሳልደብቅ ልንገርዎ።

ተጸጽቻለሁ፤ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ። በቀረው ጊዜ ይህችን መኪና በሌላ አልለውጣትም።

በ2015 ልንገዛ የሄድን ዕለት ያሉኝን አልረሳሁም። አዘዞ ሁለት ሱዙኪ ቪታራ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም ባለ 1.6 ሞተር። አንደኛዋ ላሜራ ጣራ፣ ሌላዋ ሸራ። እርስዎ ዞር ዞር ብለው አዩና ላሜራዋን በጣትዎ ኳ ኳ አደረጓት። «ይህቺ ቤት ናት» አሉ። ሸራዋን ደግሞ ዳበስ አድርገው «ይህቺ ድንኳን ናት። ድንኳን ለሰርግና ለለቅሶ ነው» አሉኝ። ያን የሚሉት ሰው ሊማሊሞን ስንት ዓመት በሸራ ላንድሮቨር ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው። ማን ከእርስዎ በላይ ያውቃል? እኔ ግን ሸራዋን ወደድኳት።

የመጀመሪያው ክረምት ቀጣኝ። ሐምሌ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ ስወጣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝ። ላሜራ ላይ ዝናብ ያንኳኳል። ሸራ ላይ ግን ይደበድባል፤ ከበሮ ውስጥ የገቡ ነው የሚመስለው። ልጄ ከኋላ ሆኖ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። ለካ ውሃው በስፌቱ እየገባ አንገቱ ላይ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ከፊት ደግሞ ሸራው ከመስታወቱ ጋር የሚገጥምበት ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ትንጠለጠላለች። ትወፍራለች፣ ትወፍራለች፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ጠብ። ወዲያው ሌላዋ ቦታዋን ትይዛለች። ማራኪን ሳልፍ ቀሚሴ ከእጥበት የወጣ መስሎ ነበር። ያን ማታ የድንኳኗን ነገር አስታውሼ አለቀስኩ።

ስህተቱ ግማሹ የእኔ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሸራውን እንደራሰ አጥፌ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ስገልጠው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ሻግቷል። ምንጣፉ ሥር የቀረው ውሃም መሽተት ጀመረ። የጎንና የኋላ መስኮቶቹ ፕላስቲክ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ስጠርግ ጫርኳቸው። እዚህ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ፕላስቲኩን ቢጫ ያደርገዋል። ጠዋት በብርድ ከታጠፈ ደግሞ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ነበር። እርስዎን አልጠየቅኩም። ያሉኝ እንደ ደረሰ ማወቅዎን ፈርቼ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዝናቡ ይልቅ አመመኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎም። አራዳ ገበያ ዳር አቁሜ በርበሬ ልገዛ ገባሁ። ስመለስ የኋላው መስኮት ከላይ እስከ ታች በምላጭ ተቀዷል። የተወሰደው አንድ ጃንጥላና አንድ ቦርሳ ነው። ቦርሳው ውስጥ ግን ያላረምኩት የ52 ተማሪ ፈተና ነበር። ልጆቹን እንደገና ፈተንኳቸው። ከእነሱ አንዷ በመጀመሪያው ፈተና ጥሩ ሠርታ እንደነበር ፊቷ ይናገር ነበር፤ ዝም ብላ ተቀመጠችና ጻፈች። ላሜራ ጣራና መስታወት ቢሆን ኖሮ ሌባው ለመስበር ያመነታ ነበር። አሁን ውስጧ ምንም አልተውም። በሯንም አልቆልፍም። ግራ ይገባዎ ይሆናል፤ ግን ሌባ በሩን ከፍቶ ባዶ መሆኗን ቢያይ ይሻለኛል። ሌላ ሸራ ከማሰፋ።

ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ያኔ ላሜራዋን የገዛውን ሰው ሄጄ ጠየቅኩት። እዚሁ ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚሠራ ነው። እሱ ፖርቶ መጋላ አስገጥሞ ከማክሰኝት ጤፍና ሽንብራ ይጭንባታል። ሐምሌ መጣ አልመጣ ግድ የለውም። አልተጸጸተም። መጸጸትም የለበትም። እኔም እህል የምጭን ብሆን ኖሮ የእሱን ነበር የምገዛው፤ ሸራ ላይ አንድ ኬሻ እንኳ አይጫንም።

ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ለሰርግ መኪና የሚያከራይ ሰው አለ። የእሱ መኪና ጣራው ብረት ነው፤ ቁልፍ ሲጫን ብረቱ ተጣጥፎ ኋላ ሻንጣ ቤት ውስጥ ይገባል። የዘመኑ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፔዦ በ1934 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መኪና ሠርቷል። መርሴዲስ በ1996 እ.ኤ.አ. ኤስኤልኬ የሚባለውን ሲያወጣ ነው ነገሩ እንደገና የተስፋፋው። ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኘ ዕድለኛ ነው ብዬ ነበር፤ ሲፈልግ ቤት፣ ሲፈልግ ሰገነት። ሰውዬው ግን ከሁላችንም በላይ የተጸጸተ ነው። ሙሽሮቹ ተሳፍረው፣ እልልታው ቀልጦ ሳለ፣ ጣራው ግማሽ መንገድ ላይ ሽቅብ ቆሞ ቀረ። አይወጣ፣ አይወርድ። ዘይት እየገፋ የሚያነሳው ፓምፑ ነው የሞተው። ጎንደር ውስጥ የሚጠግን አላገኘም፣ መለዋወጫውም አልመጣለትም። በመጨረሻ መካኒክ አስጠርቶ በብሎን አስዘጋውና እንደ ማንኛውም መኪና ይነዳዋል። ክብደቱ ብቻ ተረፈው፣ ሻንጣ ቤቱም ግማሹ በማጠፊያው ተይዟል። «ሸራ ቢሆን ሁለት ሰው ጎትቶ ይዘጋው ነበር» አለኝ።

እኔ ዘንድ የሚበላሽ ፓምፕ የለም። ዚፕና ቁልፍ ብቻ ነው። የተቀደደውን መስኮት የባጃጅ ሸራ የሚሰፋ ልጅ በግማሽ ቀን ሰፍቶ ሰጠኝ። ከበፊቱ ወፍራም ፕላስቲክ አድርጎበታል። ስፌቱንም ደርቦታል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ልጄ አንገቱ አልራሰም።

መካኒኩ አንድ ሌላ ነገር አሳየኝ። እርስዎ መቼም ያውቁታል፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር። አብዛኞቹ የዛሬ የቤት መኪኖች ጣራቸው ራሱ አጥንት ነው። እሱ ሲነሳ አካሉ ይላላል። ስለዚህ ፋብሪካው ወለሉንና ጎኑን በብረት ያጠናክራል፣ መኪናው ይከብዳል። እንደዚያም ሆኖ ኮረኮንች ላይ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቪታራ ግን እንደ ላንድሮቨርዎ ከታች ሻንሲ፣ ራሱን የቻለ የብረት አጽም፣ አላት። ጉልበቷ እዚያ ነው። ከወንበሩ በላይ የሚያልፈው ወፍራም ብረትም ብትገለበጥ ጭንቅላታችንን እንዲጠብቅ የተተወ ነው። «በንፋስ ትገነጠላለች» ብለው ሲሰጉ ስለሰማሁ ነው ይህን የምጽፍልዎ። አትገነጠልም አባባ።

አሁን ደግሞ የወደድኩላትን ልንገርዎ።

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሸራውን አነሳዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። በፋሲል ግቢ አጥር በኩል ስናልፍ ልጄ ራሱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወደ ላይ ያያል። በሌላ መኪና ከሆነ ግንቡን ለማየት አንገት ሰብሮ በመስኮት ማጮለቅ ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ተንጋሎ እንቁላል ግንብን ከእነ ጉልላቱ፣ ከእነ ወፎቹ ያየዋል። አንድ ቀን «እማ፣ ግንቡ ከእኛ ጋር እየሄደ ነው» አለኝ። መንገዱን ዞሬ ደግሜ አሳለፍኩት።

ድምፁ ደግሞ አለ። የቡና ቁሌቱ አለ። ፆም ሲሆን ቅዳሴው ከሩቅ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን ሰላምታው። መስታወት ዘግቶ የሚነዳ ሰው ጎረቤቱን ሳያይ ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኔ ግን ማንንም ሳልሰማ ማለፍ አልችልም። «እንዴት ዋልሽ?» ይሉኛል፣ እመልሳለሁ። ማዘር ከገበያ ከእነ ዘንቢላቸው ሲያዘግሙ ካየሁ እጫናቸዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ መኪናዋን ያውቃታል። አንዲት እናት ሲወርዱ ሸራውን መታ መታ አድርገው «የአባትሽን መኪና ትመስላለች» አሉኝ። እርስዎን ያስታውሳሉ። የሾፌሩ ልጅ መሆኔን ያወቁት በመኪናዋ ነው።

አቧራው እውነት ነው። አይሱዙ ከፊቴ ከገባ ጭሱን ሁሉ እኔ ነኝ የምጠጣው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ያን ጊዜ ሸራውን እዘጋዋለሁ። ነጠላዬም አንዴ በንፋስ ሄዳለች፤ ባጃጅ ነጂ ነው ተከትሎ ያመጣልኝ። ወደ ደባርቅ ደግሞ እንደ ድሮው እንደ ልብ የሚወጣበት ጊዜ ስላልሆነ ሊማሊሞን በክፍት ጣራ እስካሁን አላየሁትም። እሱ ይቆጨኛል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ያስቡት። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም ዋጋው ንሯል። የእኔን ብሸጣት ገዢ አላጣም። የምገዛው ላሜራ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚጠየቅበት። ልዩነቱ የእርስዎ የዓይን ገንዘብ ሊሆን ነው ማለት ነው። በሁለት ወር ዝናብ ምክንያት? አላደርገውም። እባክዎ አይንኩት። ሐኪሙ እኮ ነግሮዎታል፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ነው። ታኅሣሥ ላይ ቀጠሮውን ያስይዙ። ጉዞውንና ማረፊያውን እኔ እችላለሁ፤ ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

ለጥምቀት ጎንደር ይምጡ። ከተራ ዕለት መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሚሆን ከዚያ ቀደም ብዬ ነው የማዞርዎ። ለጉልበትዎ ብዬ በበሩ ሥር መርገጫ ብረት አስበይጃለሁ። ከፍታው ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ነው፤ እኔ ራሴ በእጄ ለክቼዋለሁ። ከፊት ወንበር ላይ ጋቢዎን ለብሰው ይቀመጣሉ። እግርዎ ላይ ሞቅ ያለ አየር እለቅልዎታለሁ፣ ማሞቂያዋ አሁንም ይሠራል።

አንድ የምለምንዎ ነገር አለ። የላንድሮቨሩን ሸራ ከሰኔ በፊት ሰም ይቀቡት እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰሙን በጣሳ አቅልጠው፣ ጣሳውን ፈላ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ስፌት ስፌቱን በአሮጌ ብሩሽ ሲከተሉት ጎንዎ ቆሜ እመለከት ነበር። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዚፑን በሻማ መቀባቱን አሁን እኔም አደርገዋለሁ፣ እጅግ ጠቅሞኛል። ሰሙን ግን ለብቻው ሞከርኩትና ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። ከምን ጋር ነበር የሚቀላቅሉት? ተርፔንታይን ነው ወይስ የተልባ ዘይት? ስንት ሰም ለስንት ዘይት? እህቴን ያስጽፉልኝ። መጠኑን ሳይረሱ።

ልጅዎ