ምርምሩ አለ፣ ሰው ጋ ግን አልደረሰም፤ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖች፣

ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም፤ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። የቻለ ገንዘብ፣ ያልቻለ ጊዜ፣ ሁለቱም ያለው ሁለቱንም። ግን እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ለምን እንደምንጠይቅ ማወቅ አለባችሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱን።

ሥራችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ በበሽታ ምርመራና ሕክምና ላይ የሚወጡ የምርምር ውጤቶችን አንብበን፣ ማንም ሰው በሚገባው አማርኛ ጽፈንና በድምፅ ቀርጸን በነጻ የምናደርስ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነን። ሐኪሞች አሉበት፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ፋርማሲስቶች፣ ተማሪዎች፣ ከሕክምና ጋር ምንም የማይገናኙ ግን ብዕራቸው የሚጥም ሰዎችም። እስካሁን የሄድነው በትርፍ ሰዓትና በራሳችን ኪስ ነው። አሁን ሥራው ከኪሳችን በለጠ።

«ምርምር የተመራማሪ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። እስቲ ጨጓራን እንውሰድ። ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት፣ ከሚያቃጥል ምግብና ከአሲድ ብዛት ይመጣል ይባል ነበር። ሐኪሞቹም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ አንድ ጠምዛዛ ባክቴሪያ ደጋግመው አገኙ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው። እንዲህ አሲድ በበዛበት ቦታ ባክቴሪያ እንዴት ይኖራል ተብሎ ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። (እባካችሁ እንዳትሞክሩት።) አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰበ ትልቅ የባለሙያዎች ጉባኤ «ኤች ፓይሎሪ ያለበት የቁስለት ታማሚ አንቲባዮቲክ ይሰጠው» ያለው ግን በ1994 ነው። አሥር ዓመት! የኖቤል ሽልማቱ ደግሞ በ2005 መጣ። እና ዛሬም ስንቱ ሰው አለ፣ ሳይመረመር «ጭንቀት ነው» እያለ ከሕመሙ ጋር የሚኖር፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ራሳቸው ቁስለት እንደሚያመጡም የነገረው የሌለ።

የባሰም አለ። ያለጊዜዋ ልትወልድ ለደረሰች እናት ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ቢሰጧት የልጇ ሳንባ ቶሎ እንደሚጠነክር፣ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች በ1972 ባወጡት ሙከራ አሳይተዋል። ከነሱ በኋላ ሌሎች ሙከራዎች ተከታተሉ፤ ግን አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ተበታትነው ቀሩ። በሥርዓት ተሰብስበውና ተደምረው የታተሙት በ1989 ነው። በመካከሉ መትረፍ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሕፃናት ሞተዋል፤ መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፣ መረጃው አንድ ላይ የሚታይበት ቦታ ስላልነበረው ነው። በ1993 የተመሠረተውና የሕክምና ምርምሮችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት የነዚያን ሙከራዎች ውጤት አርማው አድርጎታል። እኛ በበኩላችን ከዚህ አርማ የተሻለ የሥራ ማስታወቂያ አናውቅም።

በተቃራኒው ደግሞ «ይሄማ ግልጽ ነው» የተባለ ሕክምና ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ሃርት አታክ የምንለው፣ ደርሶበት የተረፈ ሰው የልብ ምታቱ ከተዛባ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ምታቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ብንሰጠው ይድናል ተባለ። የማያሳምን ሐሳብ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ታዘዘ። በኋላ መድኃኒቱንና ባዶ ኪኒን በዕጣ እያከፋፈሉ ሲያነጻጽሩ፣ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉትን የወሰዱት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት በልጠው እየሞቱ ተገኙ። በ1989 የሁለቱ ሙከራ ቆመ። ምታቱ ተስተካክሎ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ሞቱ። ሳይንሳዊ ቃላት የተሞላበት ማስታወቂያ ባየን ቁጥር ይቺን ነው የምናስታውሰው። «እንዲህ ቢሆን ይሠራል» ማለትና «ሞክረን አይተነዋል» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ምርመራ እንምጣ፤ ብዙ ጥያቄ የሚደርሰን በዚህ ነው። «ፖዘቲቭ ወጣሁ፣ አለቀልኝ?» ይሉናል። ከሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። መመርመሪያው ከ100 ታማሚ 99ኙን ያገኛል፤ ከ100 ጤነኛም 99ኙን በትክክል «የለብህም» ይላል። ጥሩ መመርመሪያ ነው። ምንም ምልክት የሌለው ሰው ተመርምሮ ፖዘቲቭ ወጣ። በሽታው በእርግጥ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 99 በመቶ ይላል። ይህን ዓይነት ጥያቄ የተጠየቁ ሐኪሞች እንኳ ብዙዎቹ እንደሚስቱ በጥናት ታይቷል።

እንቁጠር። 100,000 ሰው ይመርመር። ከነሱ 100ው በሽታው አለባቸው፤ መመርመሪያው 99ኙን ያገኛል። 99,900ው ጤነኞች ናቸው፤ ከነሱ አንድ በመቶው፣ ማለትም 999 ሰው፣ በስህተት ፖዘቲቭ ይባላል። ፖዘቲቭ የተባለው በጠቅላላ 1,098 ሰው ነው፤ ከዚህ ውስጥ በሽታው ያለበት 99 ብቻ። ከአሥራ አንድ አንዱ መሆኑ ነው። መመርመሪያው አልተበላሸም፣ ባለሙያውም አልተሳሳተም፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ነው። ምልክት ያለው ወይም ለበሽታው የተጋለጠ ሰው ሲመረመር ግን ስሌቱ ይለወጣል፣ ፖዘቲቭ ማለትም ክብደት ያገኛል። ሐኪም ሁለተኛ ምርመራ ሲያዝ ገንዘብ ፍለጋ ነው ብለን የምንጠረጥር ብዙ ነን፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ቁጥር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከውጤት መስጫው በር ላይ አይወድቅም፣ ሐኪሙንም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

እንግዲህ ገንዘቡ ለምንድነው? ለመጻፍ አይደለም። መጻፉን በነጻ የሚሠራ ሞልቷል፣ ይመስገን። ወጪ የሚበላው ማጣራቱና ማደሱ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ከጸሐፊው ውጪ ሁለት ባለሙያዎች ምርምሩን ራሱን አውጥተው እያመሳከሩ እንዲያዩት እንፈልጋለን። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረን ሐኪም ሁልጊዜ በነጻ አንብብልን ማለት ደግሞ አያዛልቅም፤ ሁለት ሦስቴ እሺ ይላል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም። እውነቱንም ነው።

ማደሱ ከዚህም ይብሳል። አስፕሪንን እዩት። የልብ በሽታ የሌለበት ሰው ልቡን ለመጠበቅ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪን ቢወስድ ይጠቅመዋል የሚለው ምክር ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። በ2018 ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤታቸውን አወጡ፤ ጥቅሙ ጥቂት ወይም ምንም ሆኖ ተገኘ፣ የመድማት አደጋው ግን ጨመረ። በ2022 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና መመሪያ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለዚህ ዓላማ አስፕሪን አዲስ እንዳይጀምሩ መከረ። (ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ደርሶባችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ።) ከ2018 በፊት የተጻፈ የአስፕሪን ጽሑፍ በጊዜው ልክ ነበር፤ ዛሬ ሳይነካ ከተቀመጠ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የወጣ ጽሑፍ ሁሉ በየጊዜው ተመልሶ መታየት አለበት። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፣ ስፖንሰርም አይገኝለትም፤ ወደ እናንተ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀሪው ወጪ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ሰርቨር፣ የድምፅ ቀረጻ ዕቃ፣ በክፍያ ብቻ የሚነበቡ መጽሔቶችን ማግኛ። ድምፁን ቅንጦት ነው ያሉን አሉ፤ አንስማማም። ዓይኑ ለደከመና ማንበብ ለማይችል ሰው ያለው መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ከመድኃኒት አምራችና ከመመርመሪያ ዕቃ ሻጭ ገንዘብ አንቀበልም። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ አንድ መድኃኒት «አይጠቅምም» ብለን መጻፍ ባለብን ቀን እጃችን ታስሮ መገኘት አንፈልግም። በግል ለአንድ ሰው መድኃኒት አናዝም፣ የላብራቶሪ ወረቀት ልካችሁ «ምን ልውሰድ» ብትሉንም መልሳችን «ሐኪም ጋ ሂዱ» ነው። ለታማሚ የግል ሕክምና የሚሆን ገንዘብም አይደለም የምንሰበስበው፤ እሱ ሌላ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሌሎች ይዘውታል።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ በየወሩ የምትገባ ትንሽ ገንዘብ ትሻለናለች፤ ባለሙያውን «በሚቀጥለው ወርም ና» ማለት የምንችለው በእሷ ነው። ገንዘብ የሌላችሁ፦ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብባችሁ «ይቺ አልገባችኝም» የሚል ሰው በጣም ያስፈልገናል፣ ሕክምና ያልተማረ ቢሆን ይመረጣል። ጥሩ ድምፅ ያላችሁ፣ ስታትስቲክስ የምታውቁ፣ ኮምፒውተር ላይ እጃችሁ የሚፈታ፣ ኑ። ስህተት ካገኛችሁብን ደግሞ አትለፉን፤ ከነማስረጃው ላኩልን፣ ከታረመ በኋላ ምን እንደነበረና ምን እንደተቀየረ ከጽሑፉ ሥር እናስቀምጣለን።

የገቢና የወጪው ዝርዝር በየሦስት ወሩ ለሁሉም ይለጠፋል፣ ስማችሁ እንዳይጠራ ከፈለጋችሁ አይጠራም። መላኪያው ከዚህ ጥሪ ጋር ተያይዟል። በግል መልእክት ለማንም ጽፈን ገንዘብ አንጠይቅም፤ በስማችን እንዲህ ያደረገ ካጋጠማችሁ አትላኩ፣ ንገሩን። መጀመሪያ የሚታደሱት ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ምርመራ የወጡት ጽሑፎች ናቸው፤ ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይጻፍልን።